ቀን ያልተጻፈበት ማኅተም ዘመኑን እንዴት ይናገራል?

ከአንድ አንባቢ የመጣው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ ሙዚየም አንዲት ክብ የእርሳስ ቁራጭ አየሁ። ከሳንቲም ብዙ አትበልጥም። ከሥሯ ‹የዮሐንስ ሜትሮፖሊታን ማኅተም፣ 11ኛው ክፍለ ዘመን› የሚል ጽሑፍ አለ። ቁራጯ ላይ ግን ቀን የለም። ቁጥርም የለም። ስሙም ዮሐንስ ብቻ ነው። የቢዛንታይን ጳጳሳት ግማሾቹ ዮሐንስ አይደሉም እንዴ? ታዲያ ሰውየው መቼ እንደኖረ በምን አወቁ? ግምት ነው ወይስ እውቀት?»

መጀመሪያ ጥቂት ነገሮች ላጥራ። እርሳስ ስንል የምንጽፍበትን አይደለም። ግራጫውን፣ ከባዱን፣ ለስላሳውን ብረት ነው። ቢዛንታይን የምንለው ዋና ከተማው ቁስጥንጥንያ የነበረውን የምሥራቁን የሮም መንግሥት ነው። ሜትሮፖሊታን ደግሞ ከጳጳስና ከሊቀ ጳጳስ ከፍ ያለ መንበር የያዘ ጳጳስ ነው። ያዩት ሙዚየም ጆርጅታውን ያለው ዳምባርተን ኦክስ ይመስለኛል። እዚያ ወደ 17,000 የሚጠጉ የቢዛንታይን ማኅተሞች አሉ። ከዚያ የሚበልጥ ስብስብ በዓለም የለም። ዋሽንግተን አካባቢ ለምትኖሩ አንባቢዎቼ ቅርብ ነውና፣ አንድ ቀን ጎራ ብትሉ ደስ ይለኛል። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጭሩ መልሴ ይኸውልዎ፦ ስሙን ለጊዜው ይተዉት። ማዕረጉን ይያዙ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ማኅተም ላይ ከሁሉ ደካማው ማስረጃ ስሙ ነው። ጠንካራው ማዕረጉ ነው። የቀረው ሁሉ፣ ፊደሉም፣ ሥዕሉም፣ ሰዋስዉም፣ ማዕረጉን ደግፎ ይቆማል።

ለምን እንደዚያ እንደምል ለመረዳት አሠራሩን ማየት ይጠቅማል። ባለሥልጣኑ ደብዳቤ ያጽፋል። ደብዳቤው ይጠቀለልና በክር ይታሰራል። የክሩ ጫፎች በውስጧ ቀጭን ቀዳዳ ባላት ክብ የእርሳስ ቁራጭ ውስጥ ያልፋሉ። ከዚያ የብረት ጉጠት ይመጣል። ግሪኮቹ ቡሎቴሪዮን ይሉታል። በሁለቱ መንጋጋዎቹ ላይ ጽሑፍና ሥዕል ተገልብጦ ተቀርጿል። እርሳሷ መሃል ትገባለች፤ በመዶሻ ይመታል። እርሳሱ ክሩን ነክሶ ይይዛል፤ ሁለቱ ፊቶቹ ላይም ምስሉ ይወጣል። ደብዳቤውን ለመክፈት ክሩን መቁረጥ ግድ ነው። ስለዚህ ማንም ሳይታወቅበት ከፍቶ ማንበብ አይችልም።

ወረቀቱና ብራናው በስብሰው ጠፍተዋል፤ ተቃጥለዋል። ማኅተሙ ግን አፈር ውስጥ ቀረ። ዛሬ በእጃችን ያሉት አብዛኞቹ ደብዳቤያቸውን ያጡ ማኅተሞች ናቸው። ፖስታው ጠፍቶ ቴምብሩ ብቻ የተገኘ ያህል ነው። ከሰነዱ ጋር እንደተንጠለጠሉ የቀሩት በጣም ጥቂት ናቸው። ከእነሱም የሚበዙት ግሪክ አገር ባለው በአቶስ ተራራ ገዳማት መዛግብት ውስጥ ነው የሚገኙት። እነዚያ ጥቂቶች ለእኛ ወርቅ ናቸው፤ ሰነዱ ቀን አለውና።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንግባ። ጽሑፉ ግሪክኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ መልሼ ነው የምጠቅሰው። በጣም የተለመደው ቃል ጸሎት ነው፦ «ጌታ ሆይ፣ አገልጋይህን እገሌን እርዳ» ወይም «ወላዲተ አምላክ ሆይ፣ እርጂ»። የብራና መጻሕፍታችንን የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። እኛም ጋ ጸሐፊውና አጻፊው ስማቸውን «ለገብርከ እገሌ» እያሉ በጸሎት ውስጥ ያስገባሉ። መንፈሱ አንድ ነው።

ከዚህ ጸሎት የመጀመሪያውን የዘመን ምልክት እናገኛለን። እሱም ሰዋስው ነው። በ6ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን ስሙ ብዙ ጊዜ «የዮሐንስ» ተብሎ ይጻፋል። የማን እንደሆነ መናገር ብቻ ነው። ከ8ኛው እስከ 11ኛው «ለዮሐንስ» ይበዛል፤ እርዳታው ለእሱ እንዲሆን ነው። እየቆየ ደግሞ፣ በተለይ ከ11ኛው ወዲህ፣ «ዮሐንስን» እየተለመደ ይሄዳል። በዚያ ዘመን ጽሑፉ ራሱ ግጥም መሆን ይጀምራል፤ በአሥራ ሁለት ቀለም የሚመታ ግጥም። የ፣ ለ፣ ን። ሦስት ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ግን ማኅተሙን በየትኛው ሳጥን እንደምናስቀምጠው ከመነሻው ይጠቁሙናል። ብቻቸውን ግን አይፈርዱም።

ሁለተኛው ሥዕሉ ነው። በቢዛንታይን የቅዱሳን ሥዕል ሁለት ጊዜ ተከልክሏል፤ መጀመሪያ ከ730 ገደማ እስከ 787፣ ቀጥሎ ከ815 እስከ 843። በእነዚያ ዓመታት ማኅተሞች ላይ ከሥዕል ይልቅ መስቀልና ፊደል በመስቀል ቅርጽ የተጠላለፈበት ምልክት ይገዛል። በአራቱ ማዕዘኖቹ «ለአገልጋይህ» የሚሉት ፊደላት ይቀመጣሉ። ይህን ቅርጽ ያየ ሰው 8ኛው ወይም 9ኛው ክፍለ ዘመን ለማለት ብዙ አያመነታም። ከ843 በኋላ ወላዲተ አምላክ በፓትርያርኮቹ ማኅተም ላይ ተመልሳ ትመጣለች።

ሥዕሉ ሀገረ ስብከቱንም ይጠቁማል። ጳጳሳት የሀገራቸውን ቅዱስ ይመርጣሉ። የተሰሎንቄው ቅዱስ ዲሜጥሮስን፣ የሚራው ቅዱስ ኒቆላዎስን፣ የፓትራሱ ቅዱስ እንድርያስን። ከሁሉ የምወደው የአቴና ነው። ያ ዝነኛው የአረማውያን ቤተ መቅደስ፣ ፓርተኖን፣ በዚያ ዘመን የወላዲተ አምላክ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከ1182 ጀምሮ የአቴና ሜትሮፖሊታን የነበረው ሚካኤል ኮኒያቴስ በማኅተሙ ላይ ያስቀረጻት «የአቴናዋን» ወላዲተ አምላክ ነው። ይህ ሰው በደብዳቤዎቹ በደንብ ይታወቃል። ስለዚህ ማኅተሙ ሌሎች ማኅተሞችን ለመለካት መስፈሪያ ይሆነናል።

ሦስተኛው ፊደሉ ነው። የግሪክ ፊደል በየዘመኑ መልኩን ይቀያይራል። ለምሳሌ ቤታ የምትባለው ፊደል በ11ኛው ክፍለ ዘመን ማኅተሞች ላይ ብዙ ጊዜ ከታች ተከፍታ ትታያለች። ይህን ዓይን ያለ ልምድ አያገኘውም። እርሳሱም አይተባበርም፤ ይበላል፣ ይሰነጠቃል፣ ግማሹ ምት ከዳር ያልፋል። ብርሃኑን በዘንባላ ከጎን ሳያበሩ የሚያነቡ ሰዎች ይሳሳታሉ። እኔም ተሳስቻለሁ። አንድ ጊዜ የአንድን ሀገረ ስብከት ስም በአንዲት ፊደል ምክንያት ለወራት በስህተት ይዤ ቆየሁ። ያቃናኝ በዚያው ጉጠት የተመታ ሌላ ማኅተም መገኘቱ ነው። በአንዱ ላይ የጠፋው ፊደል በሌላው ላይ ደህና ነበር። አንድ ጉጠት ብዙ ማኅተም ስለሚመታ፣ ወንድማማቾቹን መፈለግ ከሥራችን ሁሉ የሚያረካው ነው።

«ግን የፊደሉን ዘመን ራሱን በምን አወቃችሁ?» ቢሉኝ ልክ ነዎት። መልሱ ቀን ያላቸው ማኅተሞች አሉ ነው። በ7ኛውና በ8ኛው ክፍለ ዘመን የቀረጥና የንግድ ሹማምንት ማኅተሞች የንጉሠ ነገሥቱን ምስልና ኢንዲክሽን የሚባለውን የዓመት ቁጥር ይይዛሉ። ኢንዲክሽን የ15 ዓመት ዙር ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ንዑስ ቀመር በ19 ዓመት እንደሚዞረው፣ ይህ በ15 ይዞራል። በዙሩ ውስጥ ስንተኛው ዓመት እንደሆነ ያውቃሉ፤ ስንተኛው ዙር እንደሆነ ግን አያውቁም። ዙሩን የንጉሡ ምስል ይነግርዎታል። ሁለቱ ሲገናኙ ትክክለኛው ዓመት ይወጣል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይህን ቁጥር በማኅተማቸው ላይ ማስቀመጥ አልለመዱም። ስለዚህ የእነሱን ፊደል ከነዚህ፣ ከንጉሠ ነገሥታቱና ከፓትርያርኮቹ ማኅተሞች ጋር እናስተያያለን።

አሁን ወደ ማዕረጉ መጣን። እዚህ ትንሽ እቆያለሁ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነው።

ሲንኬሎስ የሚባል ማዕረግ አለ። በግሪክኛ ትርጉሙ «በአንድ ክፍል አብሮ የሚኖር» ነው። መጀመሪያ ላይ ከፓትርያርኩ ጋር የሚኖር የቅርብ ረዳት ነበር። ቀስ በቀስ ንጉሠ ነገሥቱ የሚሰጠው ክብር ሆነ። ከዚያ ለሜትሮፖሊታኖችም ይሰጥ ጀመር። ሦስተኛው ሮማኖስ በ1028 ሲነግሥ ለሦስት ሜትሮፖሊታኖች፣ ለኤፌሶኑ፣ ለኪዚኮሱና ለኤውካይታው፣ ይህን ማዕረግ ሰጠ። በ1029 በጰራቅሊጦስ በዓል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጠብ ተነሣ። ምክንያቱ አቀማመጥ ነበር። ሲንኬሎስ የሆኑት ከሌሎቹ ሜትሮፖሊታኖች በላይ ሊቀመጡ ነው፣ ሌሎቹም አንፈቅድም አሉ። ማዕረግ ምን ያህል የምር ነገር እንደነበር ከዚህ ይገባዎታል።

ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። ማዕረግ ሲበዛ ይረክሳል። ሁሉም ሲንኬሎስ ሲሆን «ፕሮቶሲንኬሎስ» መጣ፤ የመጀመሪያው ሲንኬሎስ ማለት ነው። እሱም ሲበዛ «የፕሮቶሲንኬሎሶች ፕሮኤድሮስ» መጣ፤ የበላያቸው ሊቀመንበር እንደማለት። እሱም አልበቃ ብሎ «ፕሮቶፕሮኤድሮስ» ተጨመረ። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ክፍለ ዘመን ውስጥ ነው፤ በ11ኛው። እንግዲህ ያስቡት። የሜትሮፖሊታን ማኅተም ላይ «ሲንኬሎስ» ብቻ ካገኘን ወደ ክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ እናዘነብላለን። «ፕሮቶሲንኬሎስ» ካለ ወደ መካከሉ እንሄዳለን። «የፕሮቶሲንኬሎሶች ፕሮኤድሮስ» ካለ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ነን። ሰውየው ክብሩን ለማሳየት ያስጻፈው ቃል ለእኛ ቀን ሆነልን።

በቁስጥንጥንያው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን፣ በሃጊያ ሶፊያ፣ አገልጋዮችም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር አለ። የታላቁ ቤተ ክርስቲያን ሹማምንት ብዙ ናቸው። ኢኮኖሞስ ንብረቱን የሚያስተዳድር ነው፤ የእኛን መጋቢ ያስታውሳል። ስኬዎፊላክስ ንዋየ ቅድሳቱን ይጠብቃል፤ ዕቃ ቤቱን ማለት ነው። ካርቶፊላክስ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነው። ኢኮኖሞሱንና ስኬዎፊላክሱን ለረጅም ጊዜ የሚሾመው ንጉሠ ነገሥቱ ነበር። በ1057 የነገሠው ይስሐቅ ኮምኔኖስ ይህን መብት ለፓትርያርኩ ለሚካኤል ኬሩላሪዮስ ሰጠ። የአንድን ኢኮኖሞስ ማኅተም ከዚያ በፊት ወይስ በኋላ ብለን ስንመድብ፣ ሰውየው የማን ሰው እንደነበርም እየተናገርን ነው።

ከነዚህ አንዱን ማኅተም ለብቻው ላንሣ፣ በጣም ስለምወደው። ኤክዲኮስ የሚባሉ ካህናት ነበሩ። ወደ ሃጊያ ሶፊያ ሸሽተው የሚማጸኑ ሰዎችን ጉዳይ የሚያዩ እንደ ችሎት ያሉ ነበሩ። የ11ኛውና የ12ኛው ክፍለ ዘመን ማኅተማቸው ላይ ወላዲተ አምላክና ንጉሠ ነገሥት ዮስቲንያኖስ ቆመው የቤተ ክርስቲያኑን ምስል በመካከላቸው ይዘዋል። ዮስቲንያኖስ የሞተው በ565 ነው! ከአምስት መቶ ዓመት በኋላም ካህናቱ ሕንፃውን ካሠራው ንጉሥ ጋር በማኅተማቸው ይቆማሉ። እዚህ የግለሰብ ስም የለም። ማኅተሙ የጉባኤው ነው። ስለዚህ ዘመኑን የሚወስኑት ፊደሉና አቀራረጹ ናቸው።

ማዕረግ ስል የሰውየውን ብቻ አይደለም፤ የመንበሩም ማዕረግ አለ። ከተሞች ከጳጳስ መንበርነት ወደ ሊቀ ጳጳስነት፣ ከዚያም ወደ ሜትሮፖሊታንነት ያድጋሉ። የመንበራቱን ቅደም ተከተል የሚዘረዝሩ ጥንታዊ ዝርዝሮች ደርሰውናል። የፓትራስን ነገር እንይ። ፓትራስ በቆሮንቶስ ሥር ነበረች። ስላቮች ከተማዋን ከበው ሳይሳካላቸው ሲቀር፣ ድሉ የቅዱስ እንድርያስ ነው ተባለ። ከ802 እስከ 811 የነገሠው ቀዳማዊ ኒኬፎሮስም መንበሯን ወደ ሜትሮፖሊታንነት ከፍ አደረገ። እንግዲህ «የፓትራስ ሜትሮፖሊታን» የሚል ማኅተም ካገኘን ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። አንዲት ቃል ወለሉን አስቀመጠችልን።

አንዳንዴ ግን ይህ መንገድ ይከዳል። «የቡልጋሪያ ሊቀ ጳጳስ» የሚለውን ውሰዱ። ቡልጋሪያ በ870 ሊቀ ጳጳስ ተሾመላት። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የራሷ ፓትርያርክ ኖራት። ዳግማዊ ባሲል በ1018 አገሪቱን ሲይዝ መንበሩ እንደገና ወደ ሊቀ ጳጳስነት ወረደ፤ መቀመጫውም ኦህሪድ ሆነ። ያው ማዕረግ፣ ሁለት የተራራቁ ዘመኖች። «ጊዮርጊስ፣ የቡልጋሪያ ሊቀ ጳጳስ» የሚሉ ማኅተሞች አሉ። የፊደላቸውና የአቀራረጻቸው ዓይነት ወደ መጀመሪያው ዘመን ስለሚወስዳቸው በ9ኛው መጨረሻ አካባቢ እናስቀምጣቸዋለን። ማዕረጉ ብቻውን ሲከዳ ፊደሉ ይደርሳል ማለት ነው።

ስሙስ ጨርሶ አይጠቅምም? ይጠቅማል፤ ግን በመጨረሻ። መጀመሪያ ዘመኑንና መንበሩን እናጠባለን። ከዚያ ስሙን ይዘን የጉባኤ ፊርማዎችን፣ ታሪክ ጸሐፊዎችንና ደብዳቤዎችን እንፈልጋለን። በ787 በኒቅያ በተደረገው ሁለተኛ ጉባኤ ከ300 በላይ ጳጳሳት ተገኝተዋል፤ ብዙዎቹ ስማቸው ከነመንበራቸው ተመዝግቧል። የ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ማኅተም ከዚያ ዝርዝር ጋር ሲገጥም ደስታው ሌላ ነው።

ስሙ ብርቅ ከሆነ መንገዱ ያጥራል። የሩስ፣ ማለትም የኪየቭ፣ ሜትሮፖሊታን የነበረው ቴኦፔምፕቶስ እንደዚያ ነው። የሩስ ዜና መዋዕል በ1039 ኪየቭ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ሲባርክ ይጠቅሰዋል። ማኅተሙም ስሙንና «የሩስ ሜትሮፖሊታን» የሚለውን ይዞ ተገኝቷል። ሁለት የሩስ ሜትሮፖሊታን ቴኦፔምፕቶሶች እንዳሉ የሚጠቁም ነገር የለም። ዮሐንስ ቢሆን ኖሮ ግን ለብዙ ጊዜ እንከራከር ነበር። ጳጳሳት አብዛኛውን ጊዜ የቤተሰብ ስም አይጨምሩም። የቤተሰብ ስም በማኅተም ላይ የሚበዛው ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው፤ እሱም በዓለማውያን ሹማምንት ዘንድ ይበረታል።

ሰውየው በእርግጥ ቢታወቅ እንኳ ቀኑ የግድ አይጠብም። ፎጢዮስን ያስቡ። በታሪክ ከታወቁት የቁስጥንጥንያ ፓትርያርኮች አንዱ ነው። ሁለት ጊዜ ተሹሟል፤ ከ858 እስከ 867 እና ከ877 እስከ 886። ማኅተሞቹ ደርሰውናል። ከየትኛው ሹመቱ እንደሆኑ ግን ስሙና ማዕረጉ አይነግሩንም፤ ሁለቱም ጊዜ ያው ሰው፣ ያው መንበር ነውና።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በየሙዚየሙና በየግል ስብስቡ ካሉት ማኅተሞች እጅግ ብዙዎቹ ከየት እንደተቆፈሩ አይታወቅም። በገበያ ነው የመጡት። አንድ ማኅተም ከየትኛው ቤት፣ ከየትኛው የአፈር ንብርብር፣ ከየትኞቹ ሳንቲሞች አጠገብ እንደወጣ ብናውቅ ኖሮ፣ ከላይ የዘረዘርኩት ድካም ግማሹ ይቀልልን ነበር። ደብዳቤውን የተቀበለው ሰው የት እንደኖረም እናውቅ ነበር። ማኅተም የሚገኘው ላኪው ጋ ሳይሆን ተቀባዩ ጋ ነውና። አፈሩን ያለ መዝገብ የሚገለብጥ ሰው ይህን ሁሉ ይሰርቀናል። ያሳዝነኛል።

ወደ እርስዎ ዮሐንስ እንመለስ። መግለጫው «11ኛው ክፍለ ዘመን» ሲል «ከ1001 እስከ 1100 መካከል የሆነ ቦታ» ማለቱ ነው። ድፍን ግምት አይደለም፤ ሰዋስዉ፣ ፊደሉ፣ ሥዕሉና ማዕረጉ አንድ ላይ የተስማሙበት ነው። የሃምሳ ዓመት ስህተት ግን ሊኖረው ይችላል፤ አንድ ጉጠት ለብዙ ዓመት ሊያገለግል ስለሚችልና፣ ከዋና ከተማው ርቆ ያለ ቀራጭም የቆየ ፊደል ሊጠቀም ስለሚችል።

የሀገረ ስብከቱን ስም አልጻፉልኝም። ተመልሰው ከሄዱ ከስሙ በታች ያሉትን መስመሮች ይመልከቱ። «ሜትሮፖሊታን» ከሚለው በፊት ሌላ ቃል ካለ፣ በተለይ በ«ሲንኬሎስ» የሚያልቅ ከሆነ፣ ፊደል በፊደል ገልብጠው ይላኩልኝ። ከጀርባው ያለው ቅዱስ ማን እንደሆነም ይንገሩኝ። ከመስታወቱ ውጭ በስልክ ፎቶ ሲያነሡ ብልጭታውን ያጥፉና ከጎን ሆነው ያንሡት፤ ፊደሎቹ ጥላ እንዲጥሉ። ሁለቱ ነገሮች ከደረሱኝ ክፍለ ዘመኑን ወደ ሠላሳና አርባ ዓመት ልናጠበው እንችል ይሆናል።